የባታክ ሕዝቦች፣ ስማቸውና ቋንቋቸው

በኢንዶኔዥያ፣ በሰሜን ሱማትራ በቶባ ሐይቅ ዙሪያና ከዚያ በስተደቡብ ባሉት ተራሮች የሚኖሩ ስድስት ሕዝቦች ባታክ በሚል የጋራ ስም ይጠራሉ፦ ቶባ፣ ካሮ፣ ሲማሉንጉን፣ ፓክፓክ፣ አንኮላና ማንዳይሊንግ። እ.ኤ.አ. በ2010 የሕዝብ ቆጠራ ቁጥራቸው 8.5 ሚሊዮን ገደማ ነበር። በፊሊፒንስ ፓላዋን ደሴት የሚኖሩት ባታኮች ሞክሼ ናቸው እንጂ ሌላ ሕዝብ ናቸው።

ስሙን ሁሉም ወዶ አይጠራበትም። በባሕሩ ዳርቻ የሚኖሩት ሙስሊም ማላዮች እስልምናን ያልተቀበለውን ደገኛ በጅምላ ባታክ ይሉት ነበር፤ የደች ቅኝ ገዢዎችና የጀርመን ሚሲዮናውያንም ይህንኑ አጸኑት። አብዛኞቹ ሙስሊም የሆኑት ማንዳይሊንጎች በ1920ዎቹ ሜዳን ከተማ ውስጥ ባታክ ነን አይደለንም ሲከራከሩ፣ ጠቡ እስከ መቃብር ቦታ ደርሷል። ካሮዎችም ብዙዎቹ «እኛ ካሮ ነን» ይላሉ፤ የሚገርመው፣ ትልቁ የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያናቸው ዛሬም በስሙ ውስጥ ባታክ የሚለውን ቃል ይዟል።

«የባታክ ቋንቋ» ማለትም ያሳስታል። ቋንቋዎቹ የአውስትሮኔዥያ ቤተሰብ ናቸው፤ ግን የደቡቡ ቶባና የሰሜኑ ካሮ ተናጋሪዎች፣ እያንዳንዳቸው በገዛ ቋንቋቸው ቢያወሩ አይግባቡም። ውኃ በቶባ አኤክ፣ በካሮ ላው ነው። መንደር ግን በካሮ ኩታ፣ በቶባ ሁታ ስለሚባል ዝምድናው ይታያል። ቶባ ግሱን የሚያስቀድም ቋንቋ ነው፤ «ማንጃሃ ቡኩ ጉሩ ኢ» ሲል ቃል በቃል «ያነባል መጽሐፍ መምህሩ» ማለቱ ነው። የእኛን ዓረፍተ ነገር ከጭራው ይዞ እንደ መገልበጥ ነው።

የቀድሞ ጽሕፈታቸው ከህንድ ፊደላት የተወለደ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ፊደል «አ» ድምፅን በውስጡ ይዞ፣ ሌላው አናባቢ በምልክት ይጨመርበታል። ፊደል የቆጠረ ሐበሻ ነገሩ አይጠፋውም። ዳቱ የሚባሉት አዋቂዎች የጥንቆላና የመድኃኒት ዕውቀታቸውን የሚጽፉት እንደ አኮርዲዮን በሚታጠፍ የዛፍ ልጥ ላይ ነበር። በ1853 ቶባ ሐይቅን ያየው ደቹ ፋን ደር ቱክ የቶባን ሰዋስው በ1864 እና በ1867 አሳተመ። ዛሬ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው።

ከስሙ ይልቅ የሚያስተሳስራቸው ማርጋ፣ ማለትም በአባት በኩል የሚወረሰው የጎሳ ስም ነው። በአንድ ማርጋ ውስጥ መጋባት ነውር ነው። ቶባዎች የዝምድናውን ሥርዓት «ዳሊሃን ና ቶሉ» ይሉታል፤ ሦስቱ ጉልቻ ማለት ነው፦ ሚስት የሰጠው ወገን፣ የራስ ወገንና ሚስት የወሰደው ወገን። በድግስ ላይ ሚስት የወሰደው ወገን ያበስላል፣ ያሳልፋል፤ የሰጠው ይመርቃል፣ ኡሎስ የተባለውን የሽመና ልብስም ያለብሳል።

ሁለት የማይተዋወቁ ቶባዎች ጃካርታ ውስጥ ሲገናኙ መጀመሪያ የሚጠያየቁት ማርጋቸውን ነው። መጠሪያውም በዚያው ይወሰናል፤ ሰውየው የእናቱ ማርጋ ሆኖ ከተገኘ፣ በዕድሜ ቢያንሰውም እንኳ «ቱላንግ»፣ አጎቴ ሊለው ይችላል።