ዳሎል ለመሄድ ላሰባችሁ፦ የተሳሳተው ወሬ እና እውነታው

ስለ ዳሎል የሚወራው በሙቀት ይጀምርና በሙቀት ያልቃል። ከዚያ ሰው ኮፍያና የፀሐይ ቅባት ይዞ፣ ነጠላ ጫማ አድርጎ ይመጣል። ነጠላ ጫማ! ይህ በአፋር ክልል፣ ኤርትራ ድንበር አጠገብ ያለ ባዶ የቀረ የፖታሽ (ለማዳበሪያ የሚሆን የጨው ዓይነት) ማዕድን ሰፈር ከጸሐዩ በፊት እግርን ነው የሚፈትነው።

«በዓለም ሞቃቱ ቦታ ነው።» በአንድ ቀን ከፍተኛ ሙቀት ከሆነ ክብረ ወሰኑ የካሊፎርኒያው ሞት ሸለቆ ነው፤ 56.7 ዲግሪ፣ በ1913 እ.ኤ.አ.። የዳሎል ክብረ ወሰን የዓመት አማካይ ነው፦ ከ1960 እስከ 1966 እ.ኤ.አ. በተወሰደ ልኬት 34.6 ዲግሪ። አማካዩን የሚያንረው ሌሊቱም ስለማይበርድ ነው፤ ገላ የሚያርፍበት ሰዓት የለም። ስለዚህ ከኅዳር እስከ የካቲት ሂዱ፣ ጎህ ሲቀድ ጀምራችሁ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ጨርሱ፣ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 5 ሊትር ውሃ ያዙ።

«የአፍሪካ ዝቅተኛው ቦታ ነው።» አይደለም። ሜዳው ከባሕር ወለል በታች 120 ሜትር ግድም ነው፤ የጅቡቲው አሳል ሐይቅ 155 ሜትር ይወርዳል።

«ላቫ ይታያል።» ያ ኤርታሌ የተባለው እሳተ ገሞራ ነው፣ ሌላ ጉዞ ነው። በዳሎል የሚፈላው ከጨው ሥር የሚወጣ ውሃና ጋዝ ነው።

«የጣሊያን ባቡር እዚያው ይገባ ነበር።» ከኤርትራው መርሳ ፋጥማ ወደብ የተዘረጋው ሐዲድ በ1918 እ.ኤ.አ. ሲጠናቀቅ ዳሎል ለመድረስ 28 ኪሎ ሜትር ያህል ቀርቶት ነው የቆመው። ከጣሊያኖቹ በኋላም በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ አሜሪካዊው የፓርሰንስ ኩባንያ ቆፍሯል፤ ሰፈሩን በጅምላ «የጣሊያን ከተማ» ማለት ግማሹን ታሪክ መጣል ነው። ግድግዳዎቹ የጨው ጡብ ናቸው። ጨው ዝናብ ሲነካው ይሟሟል፤ አትደገፏቸው፣ አትውጡባቸው፣ ለማስታወሻ ብላችሁም ስባሪ አታንሱ።

አሁን ወደ ዋናው፣ ስንት ጊዜ ቢነገር ወደማይሰማው። «ጨው ነው፣ እንደ አስፋልት ይሸከማል» ይላሉ። ግመልና መኪና የሚሄድበት የአሳሌ የጨው ሜዳ (የጅቡቲው አሳል አይደለም) ሌላ፣ ዳሎል ኮረብታ ላይ ያለው ቅርፊት ሌላ። ከኮረብታው ቅርፊት ሥር አሲድ ውሃ አለ፤ የኩሬዎቹ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) ከ1 በታች ይወርዳል፣ ቅርፊቱም በየቦታው ስስ ነው። ሲረገጥ እንደ ባዶ ጣሳ ከጮኸ በመጣችሁበት ዱካ ተመለሱ። በአፋሩ መሪ ኋላ፣ እሱ የረገጠውን እየረገጣችሁ፣ በየተራ ሂዱ፤ ተቃቅፎ ፎቶ ለመነሳት አራት ሰው አንድ ስስ ቅርፊት ላይ መቆም ቅርፊቱን መስበር ነው። ጫማው ወፍራም ሶል ያለው፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍንና ቢበላሽ የማያስቆጭ ይሁን፤ አሲዱ ቆዳውንም ስፌቱንም ይበላል። እግር ከገባ ጫማና ካልሲ ወዲያው ይወልቃል፣ እግሩም በብዙ ንጹሕ ውሃ ይታጠባል። ለዚህ ብቻ የተለየ ጀሪካን ወደ ኮረብታው ይውጣ፤ መኪና ውስጥ የቀረ ውሃ አይጠቅምም።

የዚህ ወሬ ወንድም ደግሞ «የበሰበሰ እንቁላል ሽታው ከጠፋ አደጋው አልፏል» የሚለው ነው። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዛል፤ ሽታው ጠፋ ማለት ጋዙ ጠፋ ማለት አይደለም። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ ከመጀመሪያውም ሽታ የለውም፣ ከአየር ስለሚከብድም ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል። ከኩሬ ዳር የሞቱ ወፎች የሚገኙት ለዚህ ነው። ነፋስ በሌለበት ወደ ስርጉድ ቦታ አትውረዱ፣ ጎንበስ ብላችሁ ፎቶ አታንሱ። በውሃ የተነከረ ሻርፕ አቧራ ይከለክል እንደሆነ እንጂ ጋዝ አይከለክልም። ራስ ምታት ወይም ማዞር ከጀመረ ወደ ከፍታ፣ ነፋስ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ውጡ።

«በአንድ መኪና ይደረሳል።» ደጋው ላይ ሲዘንብ ጎርፉ ወደ ሜዳው ይወርድና መኪና ያሰምጣል። ሁለት መኪና፣ የክልሉ ፈቃድ፣ የአካባቢው መሪ። ስለ መንገዱና ስለ ጸጥታው ከመነሳታችሁ በፊት በዚያው ሳምንት ጠይቁ።

በመጨረሻ፣ «አረንጓዴው መዳብ ነው» ለምትሉ፦ ብረት ነው። ትኩሱ ውሃ አየር እያገኘ ሲሄድ ብረቱ ይዝጋል፤ ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ፣ ከዚያ ወደ ብርቱካንማ፣ ከዚያ ወደ ቡናማ ይለወጣል። ምንጩም ቦታ ይቀያይራል። አምና ፎቶ ላይ ያያችሁት አረንጓዴ ኩሬ ዘንድሮ ደርቆ ቡናማ ቢሆን መሪውን አትውቀሱ፤ አዲሱ ምንጭ ወዴት እንደወጣ ጠይቁት።