የአቃቂ ሸለቆ የመሬት አጠቃቀም

የአቃቂ ተፋሰስ ወደ 1,500 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል። ትንሹ አቃቂ ከሰሜን ምዕራብ፣ ትልቁ አቃቂ ከሰሜን ምሥራቅ ወርደው አባ ሳሙኤል ግድብ ሐይቅ ላይ ይገናኙና ወደ አዋሽ ይዘልቃሉ። ቀበና፣ ግንፍሌና ቀጨኔ ሁሉ የዚሁ ተፋሰስ ገባሮች ናቸው።

ሸለቆው ከላይ በኩል የአዲስ አበባን የመጠጥ ውሃ ይይዛል፤ የገፈርሳ፣ የለገዳዲና የድሬ ግድቦች እዚያው ናቸው። ታች ደግሞ የከተማዋን ፍሳሽ ይቀበላል። አቃቂ ዙሪያ ያሉት ጥልቅ ጉድጓዶችም ከተማዋን ያጠጣሉ። ከሀገሪቱ የመጀመሪያዎቹ የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ የሆነው አባ ሳሙኤል (6.6 ሜጋ ዋት) ደለል ሞልቶት ለአሥርት ዓመታት ቆሞ ነበር፤ በ2009 ዓ.ም. ታድሶ ሥራ ጀምሯል። ሐይቁን ግን እምቦጭ ይዞታል።

በዳርቻው ያለው ጥቁር መሬት ክረምት ይጨቀያል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ገበሬው ጤፉን በክረምት ይዘራል፤ ሽምብራና ጓያውን ዝናቡ ሲወጣ መሬቱ በያዘው እርጥበት ያበቅላል። ማንም ባለሙያ ሳያስተምረው ለዘመናት የኖረበት፣ አፈሩን የሚጠብቅ ዕውቀት ነው። ወንዙ ዳር ደግሞ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ በመስኖ ይለማል፤ አዲስ አበባ ገበያ ከሚደርሰው ቅጠላ ቅጠል ቀላል የማይባለው የዚህ ሸለቆ ነው። በአፈሩና በአትክልቱ ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደ ክሮምና ካድሚየም ያሉ ከባድ ብረቶችን አግኝተዋል። ጉዳቱ ምን ያህል ነው በሚለው ጥናቶቹ አይስማሙም፤ ምንጩ ግን በዋናነት ወንዙ ዳር የተደረደሩት ፋብሪካዎች እንጂ ገበሬው አይደለም።

 ተፋሰሱን እንደ አንድ አካል ሊይዝ ይችል የነበረው የአዲስ አበባና በዙሪያዋ ያሉ የኦሮሚያ ከተሞች የተቀናጀ ፕላን ተቃውሞ ገጥሞት በጥር 2008 ዓ.ም. ተሰረዘ። መሬቱን በጥቂት ካሳ የሚለቅ ገበሬ ሥጋት መሠረት ነበረው። ውሃው ግን ወሰን አያውቅም፤ አዲስ አበባን የከበበው የኦሮሚያው ሸገር ከተማ ከተመሠረተ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህም ተፋሰሱ በሁለት አስተዳደር እጅ ነው፤ አንዱ ላይ የሚፈርስ ደን ሌላው ላይ ጎርፍ ይሆናል።

በሸለቆው ከተሠሩት የወንዝ ዳር ልማቶች በሰፊው የሚታወቀው የአዲስ አበባው «ሸገርን ማስዋብ» ነው። በ2011 ዓ.ም. ይፋ ሲሆን በሁለቱ ወንዞች ዳር 56 ኪሎ ሜትር ለማልማት 29 ቢሊዮን ብር ታስቦለት ነበር። በ2012 ማብቂያ የወዳጅነት ፓርክ፣ በ2013 መጀመሪያ የእንጦጦ ፓርክ ተመረቁ፤ ያየ ሁሉ የሚኮራበት ሥራ ነው። ዋናው ድምቀት ግን ከመሃል ከተማ ወደ ላይ ያለው ነው። የሸለቆው ግርጌ ዕድል በቃሊቲ የፍሳሽ ማጣሪያ ላይ ተንጠልጥሏል፤ በ2010 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ጣቢያ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ ያጣራል። መስመር ያልደረሰበት ሰፈር ፍሳሽ ዛሬም በቀጥታ ወንዝ ይገባል። የተጣራውም ተመልሶ ትንሹ አቃቂ ውስጥ ይለቀቃል፤ ከዚያ በታች ያለው የጎመን መደብ የሚጠጣው ሁለቱን ቀላቅሎ ነው።