ሴቶችና ጀግኖች በጥንታዊቷ ግሪክ

በግሪክኛ «ሄሮስ» የሚባለው ቃል በአማርኛ ዘወትር «ጀግና» ተብሎ ይተረጎማል፤ የጥንቶቹ ግሪኮች ግን በዚህ ቃል ጦር ሜዳ የዋለ ደፋር ሰው ብቻ አልነበረም የሚረዱት። ሄሮስ አንድም ከአምላክና ከሰው ወይም ከታላላቅ ነገሥታት ቤት ተወልዶ ገድሉ በዜማ የሚነገርለት የቀደመው ዘመን ሰው ነው፤ አንድም ከሞተ በኋላ በመቃብሩ ላይ መሥዋዕት የሚቀርብለትና አገሩን ይጠብቃል ተብሎ የሚታመንበት ኃያል ሙት ነው። የአቴንሱ የጦር መሪ ኪሞን ከክርስቶስ ልደት በፊት (ቅ.ል.ክ.) በ475 ገደማ በተረክ የአቴንስ ንጉሥ የነበረው የቴሴዎስ ነው የተባለ አፅም ከስኪሮስ ደሴት አስመጥቶ በከተማዋ ያሳረፈው ከዚህ እምነት የተነሳ ነው። ጀግናው የሚሞትለት ነገር «ክሌዎስ» ይባላል፤ ቃሉ «መስማት» ከሚለው ግስ ጋር አንድ ሥር ያለው ሲሆን፣ ሌሎች አውርተውት የሚሰማ ዝና ማለት ነው። ዝናው እንዲሰማ ደግሞ የሚያወራው፣ የሚያነሳውና የሚያለቅስለት አንደበት ያስፈልጋል፤ ይህ አንደበት በብዙ ቦታ የሴት ነው።

ይህ ከምንም በላይ ጎልቶ የሚታየው በሆሜር ስም በሚጠራው፣ ግሪኮች በትሮይ ከተማ ላይ ያደረጉትን ጦርነት በሚተርከው «ኢሊያድ» በተባለ ግጥም ውስጥ ነው። በ22ኛው መጽሐፍ የግሪኩ ጦረኛ አኪሌስ የትሮዩን ልዑል ሄክቶርን በከተማዋ ቅጥር ሥር ሲገድለው፣ ሚስቱ አንድሮማኬ ምንም አልሰማችም። በቤቷ ውስጠኛ ክፍል ተቀምጣ እጥፍ የሆነ ሐምራዊ መጎናጸፊያ እየሸመነች፣ አበባም እየጣለችበት ነበር። ባሏ ከውጊያ ሲመለስ ገላውን የሚታጠብበት ውኃ እንዲሞቅ ትልቁን ጋን እሳት ላይ እንዲጥዱ አገልጋዮቿን አዝዛ ነበር። ድንገት ከቅጥሩ በኩል ዋይታ ሰማች፤ ጉልበቷ ተብረከረከ፣ መወርወሪያውም ከእጇ መሬት ወደቀ። ሮጣ ከግንቡ ላይ ስትወጣ የባሏ ሬሳ በፈረሶች እየተጎተተ አየች፤ ራሷን ስታ ስትወድቅ በሠርጓ ዕለት የደፋችው መሸፈኛ ከራሷ ላይ ተንከባለለ። ገጣሚው የጀግናውን ሞት በጦሩ ብቻ ሳይሆን ማንም ባልታጠበበት ሙቅ ውኃም እንድንለካው አድርጎናል፤ በእኔ ግምት በግጥሙ ሁሉ ከዚህ የሚበልጥ ቦታ የለም።

«ኢሊያድ» የሚዘጋውም በድል ሳይሆን በሙሾ ነው። የሄክቶር ሬሳ ወደ ትሮይ ከተመለሰ በኋላ ሦስት ሴቶች በየተራ ያለቅሱታል። አንድሮማኬ ከሞት አልጋህ ላይ እጅህን ሳትዘረጋልኝ፣ ቀንና ሌሊት እያሰብኩ የማለቅስበት አንድ ቃል እንኳ ሳትተውልኝ ሄድክ ትለዋለች፤ እናቱ ሄካቤ ትቀጥላለች፤ በመጨረሻ የጦርነቱ ሰበብ የተባለችው ሄሌን ከአንደበቱ ክፉ ቃል ሰምታ እንደማታውቅ ትመሰክራለች። በግሪኮቹ ሰፈር ያለችው የብሪሴይስ ታሪክ ከዚህ ይከፋል፤ አኪሌስ ባሏን ገድሏል፣ ሦስት ወንድሞቿም በዚያው ቀን አልቀዋል፤ እሷ ራሷ ምርኮው ሆናለች። የአኪሌስን ወዳጅ የፓትሮክሎስን ሬሳ ስታይ ደረቷን እየቧጠጠች ታለቅሳለች፤ አብረዋት የነበሩት ምርኮኞችም በፓትሮክሎስ ስም እያለቀሱ፣ እያንዳንዳቸው ግን የየራሳቸውን ሐዘን አለቀሱ ይላል ገጣሚው።

ወደ እኛ አገር ስም የሚያደርሰውም ተረክ በእናት ለቅሶ የሚያልቅ ነው። የንጋት አምላክ የኤኦስ ልጅ ሜምኖን የአይቲዮፒያውያን ንጉሥ ሲሆን፣ ትሮይን ሊረዳ መጥቶ በአኪሌስ እጅ ይሞታል። በ490 እና በ480 ቅ.ል.ክ. መካከል ሠዓሊው ዱሪስ በሣለው፣ ዛሬ በፓሪሱ ሉቭር ሙዚየም በሚገኝ የወይን ጽዋ ላይ፣ ባለክንፏ እናት የልጇን ራቁት ሬሳ በሁለት እጇ አቅፋ ጎንበስ ብላ ትታያለች። ለባሕር አውሬ ተሰጥታ በፔርሴዎስ የዳነችው አንድሮሜዳም የአይቲዮፒያ ንጉሥ የኬፌዎስ ልጅ ናት። ግሪኮቹ በዚህ ስም የሚጠሩት ግን በስተደቡብና በስተምሥራቅ ርቀው የሚኖሩ ጥቁር ሕዝቦችን ሁሉ ስለነበረ፣ ስሙን ከዛሬዪቱ ኢትዮጵያ ወሰን ጋር አንድ አድርጎ ማንበብ አይገባም።

በእኛ ዘንድ ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል፤ በግሪክ ግን ሁለቱም የሴት ሥራ ነበሩ፤ ስለዚህ የሸማ ዕቃው የሴት ሐሳብና ብልሃት የሚነገርበት ነገር ሆነ። ሄሌን በትሮይ ተቀምጣ ስለ እሷ የሚደረገውን ጦርነት በሽመናዋ ላይ ትሥላለች። ኦዲሴዎስ ከትሮይ ወደ ቤቱ መመለሱን በሚተርከው በ«ኦዲሲ» ውስጥ ሚስቱ ፔኔሎፔ የአማቷን የላኤርቴስን መገነዣ ቀን እየሸመነች ሌሊት እየፈታች፣ ሊያገቧት ያሰፈሰፉትን ወንዶች ሦስት ዓመት ሙሉ ታታልላለች። ይህች ብልህ ሴት የዘማሪውን ዜማ እንዲለውጥ ስትጠይቅ ግን የገዛ ልጇ ቴሌማኮስ «ንግግር የወንዶች ነው፣ አንቺ ወደ ሽመናሽ ተመለሺ» ብሎ ወደ ሰገነት ይሰዳታል። ባሏ ኦዲሴዎስ ተመልሶ ቤቱን ሲያጸዳም ከጠላቶቹ ጋር ተኝተዋል የተባሉ 12 ገረዶች በአንድ ገመድ ይሰቀላሉ፤ የባለቤቲቱ ታማኝነት ሲወደስ የእነዚህ ሞት በጥቂት ስንኞች ያልፋል።

ከተረኩ ወጥተን ወደ አምስተኛው መቶ ዓመት ቅ.ል.ክ. አቴንስ ስንመጣ፣ ሴቲቱ ሕጋዊ ጠባቂ፣ ማለትም አባት፣ ባል ወይም ልጅ ያስፈልጋታል፤ ከአንድ ሜዲምኖስ (የእህል መስፈሪያ ነው) ገብስ ዋጋ በላይ በራሷ ልትዋዋል አትችልም። ልጃገረዶች በ14 ዓመት ገደማ፣ ብዙውን ጊዜ 30 ለሞላው ወንድ ይዳሩ ነበር። ወንድም የሌላት ልጅ የአባቷ ርስት ከቤት እንዳይወጣ ከቅርብ ዘመዷ ጋር ትጋባለች። በ451 ቅ.ል.ክ. የከተማዋ መሪ ፔሪክሌስ ያወጣው ሕግ ዜጋ የሚሆነው በአባትም በእናትም አቴናዊ የሆነ ብቻ ነው ሲል የእናትን ዘር አስፈላጊ አደረገው፤ ድምፅ ግን አልሰጣትም። የሴቶችን ለቅሶ ሳይቀር ሕግ ይገድበው ነበር፤ ቀደም ብሎ ሕግ አውጪው ሶሎን ፊት መንጨትንና የተዘጋጀ ሙሾን ከልክሏል። በተረኩ ውስጥ ለሄክቶር ዝና የሆነው ድምፅ በከተማዋ ውስጥ በልክ የሚሰጥ ነገር ሆነ። ፔሪክሌስ ራሱ ለሞቱት ወታደሮች ባደረገው ንግግር፣ ታሪክ ጸሐፊው ቱሲዲደስ እንደ ጻፈው፣ ለሴት ትልቁ ክብር በወንዶች ዘንድ በክፉም በደግም ስሟ አለመነሳቱ ነው ብሏል። በፍርድ ቤት ንግግሮችም የተከበረች ሴት በሕይወት ሳለች «የእገሌ ሚስት» እንጂ በስሟ አትጠራም ነበር። በስፓርታ ነገሩ ይለያል፤ ልጃገረዶች ገላቸውን በስፖርት ያጠነክራሉ፣ ሴቶችም መሬት ይይዛሉ፤ አሪስቶትል ከአገሪቱ መሬት ሁለት አምስተኛ ያህሉ በሴቶች እጅ መሆኑን በቅሬታ ይጠቅሳል።

አቴንስ በቤት ያላሰማችውን ድምፅ በመድረክ ላይ አሰማችው፤ ደራሲዎቹም ጭምብል አጥልቀው የሚጫወቱትም ወንዶች ብቻ ቢሆኑም። የሶፎክሌስ አንቲጎኔ የንጉሡን አዋጅ ጥሳ ወንድሟን ትቀብራለች። በዩሪፒደስ «አልኬስቲስ» ውስጥ፣ በ438 ቅ.ል.ክ.፣ ሚስት በባሏ ፈንታ ትሞታለች። ከሁሉ የሚያስደነግጠው በ431 ቅ.ል.ክ. የቀረበው «ሜዴያ» ነው። ባሏ ያሶን በተረኩ የታወቀውን የወርቅ የበግ ጸጉር ያገኘው በእሷ ብልሃት ነበር፤ ኋላ ግን ሌላ ሊያገባ ይተዋታል። ሜዴያ ወጥታ ለሴቶቹ ትናገራለች፤ ባልን በብዙ ገንዘብ ገዝተን የገላችን ጌታ እናደርገዋለን፣ አንዴ ከምወልድ ጋሻ ይዤ ሦስት ጊዜ ጦር ሜዳ ብቆም እመርጣለሁ ትላለች። የጀግንነት ሚዛን የሆነው ጦር ሜዳ እዚህ ላይ ከምጥ ጋር ተመዝኖ ቀልሎ ተገኝቷል። ተውኔቱ በዚያ ዓመት ውድድር ሦስተኛ፣ ማለትም መጨረሻ ወጣ።

ይህ የሜዴያ ንግግር ከመድረክ ውጭ የሚጨበጥ መሠረት አለው። አቴንስ ባለችበት በአቲካ ምድር ምሥራቃዊ ጠረፍ፣ በብራውሮን፣ የአርጤምስ የተባለችው አምላክ መቅደስ ነበር፤ ትንንሽ ልጃገረዶች በዚያ «ድቦች» ተብለው ከመዳራቸው በፊት ለአምላኳ ያገለግሉ ነበር። አባቷ፣ የግሪኮቹ ጦር አዛዥ አጋሜምኖን፣ ወደ ትሮይ ለሚሄዱት መርከቦች ነፋስ ለማግኘት የሠዋት ኢፊጌኒያ በዚህ ቦታ እንደ ጀግኖቹ መቃብርና ክብር አላት፤ በወሊድ የሞቱ ሴቶች ልብስ ለእሷ እንደሚሰጥ ዩሪፒደስ ይናገራል። ለአርጤምስ የተሰጡ ልብሶችን የሚመዘግቡ፣ ከአራተኛው መቶ ዓመት ቅ.ል.ክ. የቀሩ የድንጋይ ጽሑፎች ደግሞ የሰጪዎቹን ሴቶች ስም ከየልብሳቸው ጋር አንድ በአንድ ያወርዳሉ፤ ከልብሶቹም መካከል ተጀምረው ተሸምነው ያላለቁ ይገኙባቸዋል።