«ሰነፍ ዓይን» ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ ሰው ለአንዲት እናት ሲመክር ሰማሁ። «ልጅሽ ሰነፍ ዓይን ነው ያለው። መነጽር ካደረግሽለት ይብስበታል፤ ዝም ብለሽ ዓይኑን አሠሪው!» ይህን ስሰማ የመጀመሪያዬ አይደለም። ምክሩ የልጅን ዓመታት ስለሚያቃጥል ዝም ማለት አቃተኝ።

እኛ የዓይን ባለሙያዎች አምብሊዮፒያ እንለዋለን። ሰውን የሚያሳስተው «ሰነፍ» የሚለው ስም ነው። ዓይን መልእክተኛ ነው፤ የሚያየው አንጎል ነው። ሁለት መልእክተኞች በየቀኑ ወሬ ይዘው ወደ አንድ አድማጭ ይገባሉ እንበል። አንዱ ጥርት አድርጎ ያወራል። ሌላው ይኮላተፋል። አድማጩ ውሎ አድሮ ይሰለቸውና ጥርት ያለውን ብቻ መስማት ይጀምራል። በኋላ የሌላው ምላስ ቢፈታም የሚሰማው የለም። መልእክተኛው አልሰነፈም። ጆሮ ዳባ ልበስ ያለው አድማጩ፣ ማለትም አንጎሉ ነው።

ይህ ግምት አይደለም። ሳይንቲስቶቹ ዴቪድ ሂዩበልና ቶርስተን ዊዝል የድመት ግልገሎችን አንድ ዓይን ዘግተው አቆዩ። ዓይኑ ሲከፈት አንጎላቸው መልእክቱን መቀበል ተስኖት ነበር። በ1981 (እ.ኤ.አ.) የኖቤል ሽልማት ካስገኙላቸው ሥራዎች አንዱ ይህ ነው።

ሌላው የሚያናድደኝ ከመንሸዋረር ጋር መቀላቀሉ ነው። መንሸዋረር አንዱ መንስኤ ነው፤ ሁለቱ መልእክተኞች የተለያየ ወሬ ሲያመጡ አድማጩ አንዱን ይተዋል። ግን ሸውራራ ሁሉ አምብሊዮፒያ የለበትም። ደግሞም ዓይኖቹ ቀጥ ብለው አንደኛው ብቻ ከፍተኛ መነጽር የሚፈልግ ልጅ አለ። ይሄኛው ነው የሚያታልለው። ልጁ ይሮጣል፣ መርፌ ከመሬት ያነሳል፣ አያማርርም። በአንድ ዓይኑ ሁሉን ያያል።

ሕፃን ላይ ግን እንዲህ ይታያል። ደካማውን ዓይን በእጅ ሲሸፍኑት ዝም ይላል። ደህናውን ሲሸፍኑት አንገቱን ያዞራል፣ እጅዎን ይገፋል፣ ያለቅሳል። ካላለቀሰ ጤነኛ ነው ማለት ግን አይደለም። የልጅ ዓይን ጠብታ ተደርጎበት መለካት አለበት፤ ያለ ጠብታ ዓይኑ ራሱን እያስተካከለ የሚያስፈልገውን የመነጽር ቁጥር ይደብቃል።

ታዲያ መነጽር ያሰንፋል? እንዲያውም የመጀመሪያው ሕክምና እሱ ነው፤ የመልእክተኛውን ምላስ የሚፈታው። አንዳንዱ ልጅ በመነጽር ብቻ ይድናል። ካልበቃ ደህናውን ዓይን በቀን ለተወሰነ ሰዓት እንሸፍናለን፤ አንደበተ ርቱዑን ከክፍሉ እናስወጣለን ማለት ነው። መካከለኛ ደረጃ ላይ ላለ ልጅ በቀን 2 ሰዓት መሸፈን ከ6 ሰዓት እንደማያንስ በጥናት ታይቷል። በራሳችሁ ግን አትሸፍኑ። ያለ ክትትል ከበዛ ደህናው ዓይንም ሊዳከም ይችላል።

ከ7 ዓመት በፊት ቢጀመር ይመረጣል። ያለፈበትም ልጅ ተስፋ አይቆረጥበትም፣ ብዙ ጊዜ መሻሻል አለ። አዋቂ ሰው ድንገት ዓይኑ ቢንሸዋረር ወይም አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ቢታየው ግን ይህ ሰነፍ ዓይን አይደለም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። ፎቶ ላይ የሕፃን ብሌን ነጭ ሆኖ ከታየም ቀን አይሰጠውም።

አንድ ነገር ልጨምር። መነጽሩን ባደረገ በሳምንቱ ልጁ «በዚህኛው ዓይኔ አሁንም አይታየኝም» ሊል ይችላል። ወላጅም «አልሠራም» ብሎ ያወልቅበታል። ምላሱ ተፈትቷል፤ አድማጩ ግን ጆሮውን እስኪመልስ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። እባካችሁ አታውልቁበት።