ቢላል የሚለው ስም፦ በስህተት የሚነገረውና እውነታው

«ቢላል ማለት ጥቁር ማለት ነው» ሲባል በሰማሁ ቁጥር ያንገበግበኛል። ስሙ ስለ ቀለም አንዳች አይናገርም። በዐረብኛ «በለ» ማለት አራሰ ማለት ነው፤ ቢላልም እርጥበት፣ ጉሮሮን የሚያርስ ውሃ ነው። ዐረቦች የተቋረጠን ዝምድና እንደ ደረቀ፣ የተጠበቀን ደግሞ እንደ ረሰረሰ ያዩታል። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ስለ ዘመዶቻቸው ሲናገሩ ዝምድናን «በቢላሏ (በእርጥበቷ) አርሳታለሁ»፣ ማለትም እጠብቃታለሁ፣ ማለታቸው ኢማም ሙስሊም ባጠናቀሩት የሐዲስ (የነቢዩ ንግግርና ተግባር ዘገባ) ስብስብ ውስጥ ይገኛል። ልጁን ቢላል የሚል ወላጅ ይህን ይወቅ።

«ሙአዚን ማለት ነው» የሚሉም አሉ፤ ሙአዚን አዛንን፣ የሶላት ጥሪን፣ የሚያሰማ ሰው ነው። ይህ ከሰውየው፣ የነቢዩ ባልደረባና የመጀመሪያው ሙአዚን ከነበረው ቢላል፣ ወደ ስሙ የተሻገረ ትርጉም ነው፤ በማላይኛ እስከ ዛሬ ሙአዚን «ቢላል» ይባላል። ስሙ ግን ከአዛን በፊት የነበረ ነው።

አዛኑን በሕልሙ ያየው ቢላል ነው የሚባለውም ልክ አይደለም። ያየው ሌላው የነቢዩ ባልደረባ ዐብደላህ ኢብን ዘይድ ነው። ነቢዩ ቃላቱን ለቢላል እንዲያስተምረው ሲያዙት የሰጡት ምክንያት ደስ ይላል፦ ድምፁ ካንተ ይልቅ «አንዳ» ነው አሉት። ሩቅ የሚዘልቅና ያማረ ማለት ነው፤ የቃሉ ሥር ግን ጤዛ፣ እርጥበት ነው። የረሰረሰ ጉሮሮ ድምፁ ይርቃልና። እርጥበት ተብሎ የተጠራው ሰው በእርጥብ ድምፁ ተመረጠ! ይህን መገጣጠም ባሰብኩት ቁጥር ይደንቀኛል።

ቢላል «ሺን» የሚለውን ፊደል መጥራት ስለማይችል «የቢላል ሲን አላህ ዘንድ ሺን ነው» ተብሏል የሚል አባባልም በሰፊው ይነገራል። በቅን ልቦና እንደሚደገም አውቃለሁ። ሆኖም የሐዲስ ሊቁ ኢብን ከሲር መሠረት የለውም ብለዋል። ከላይ ያለው የነቢዩ ምስክርነትም አይደግፈውም፤ በአዛኑ ውስጥ ያለውን «አሽሀዱ» (እመሰክራለሁ) ማለት ለማይችል ሰው አዛን ማን ይሰጣል?

«ከሐበሻ ምድር ተነሥቶ መካ ሄደ» የሚለውም መታረም አለበት። «አል-ሐበሺ» የተባለው እናቱ ሐማማ ሐበሻዊት ስለነበረች ነው፤ እርሱ የተወለደውና ያደገው በዐረብ ምድር እንደሆነ ይተረካል።

ከሁሉም የሚከብደኝ «የባሪያ ስም ነው» መባሉ ነው። ነቢዩ መጥፎ ትርጉም ያላቸውን ስሞች ይለውጡ ነበር፤ የቢላልን ግን አልለወጡም። ቢላል ባሪያ ሳለ በእስልምናው ምክንያት ጌታው ኡመያ ኢብን ኸለፍ በጋለ አሸዋ ላይ አስተኝቶ ደረቱ ላይ ቋጥኝ ሲጭንበት፣ ያ የእርጥበት ስም የያዘ ሰው በደረቀ ጉሮሮ «አሐድ፣ አሐድ»፣ አንድ ነው፣ አንድ ነው ይል ነበር። የነቢዩ የቅርብ ባልደረባ አቡ በክር ገዝተው ነፃ አወጡት። ሁለተኛው ኸሊፋ ዑመርም ይህን እያስታወሱ እንዲህ ይሉ እንደነበር የሐዲስ ሊቁ ቡኻሪ ዘግበዋል፦ «አቡ በክር ጌታችን ነው፤ ጌታችንንም ነፃ አወጣ።» ሁለተኛው ጌታቸው ቢላል ነው።