ማንኮራፋት ብቻ አይደለም፦ ስለ ስሊፕ አፕኒያ የምንሳሳታቸው ነገሮች

«ሲያንኮራፋ ቤቱን ያናውጠዋል፤ እንዴት ያለ የጣፈጠ እንቅልፍ ነው!»

ኃይለኛ ማንኮራፋት የጥሩ እንቅልፍ ምልክት አይደለም። አየር በጠበበ ጉሮሮ ውስጥ ሲታገል የሚሰማ ድምፅ ነው። የሚያንኮራፋ ሁሉ ስሊፕ አፕኒያ፣ ማለትም በእንቅልፍ ላይ ትንፋሽ እየተቋረጠ የሚመለስበት ሕመም፣ አለበት ማለትም አይደለም። የሚያሳስበው ድምፁ ድንገት ጸጥ ሲል ነው። ጸጥታው 10 ሰከንድና ከዚያ በላይ ቆይቶ ሰውየው እንደታነቀ ሰው አየር ከሳበ፣ ጉሮሮው ተዘግቶ ነበር ማለት ነው። ሕመሙ ከባድ ሲሆን ይህ በሰዓት ከ30 ጊዜ በላይ ይደጋገማል። ሕመምተኛው ራሱ ጠዋት አንዱንም አያስታውስም። አብሮት የሚተኛው ያውቃል፤ ሐኪም ዘንድ አብሮ ቢሄድ ይጠቅማል።

«ቢበዛ ቀን ቀን ያስንቀላፋል እንጂ ሌላ ጉዳት የለውም።»

በእኔ ግምት ሰው ይበልጥ የሚጎዳው በዚህኛው ነው። የጤነኛ ሰው የደም ግፊት ሌሊት ከቀኑ ከ10 እስከ 20 በመቶ ዝቅ ይላል። ልብና የደም ሥሮች እፎይ የሚሉት ያኔ ነው። ትንፋሽ ሲቋረጥ ግን ኦክስጅን ይወርዳል። አንጎል ይደነግጣል፣ አድሬናሊን ይለቀቃል፣ ግፊቱም ሽቅብ ይወጣል። ይህ ሌሊቱን ሙሉ ሲመላለስ ሰውነት ቀኑንም ከድንጋጤው አይወጣም። ሦስት ዓይነት መድኃኒት እየወሰዱ ግፊታቸው አልወርድ ባላቸው ሰዎች ላይ አፕኒያ በብዛት የሚገኘው ለዚህ ነው። አራተኛው ክኒን ከመጨመሩ በፊት ስለ እንቅልፍ መጠየቅ አይከፋም። የልብ ምት መዛባትና ስትሮክም ከአፕኒያ ጋር አብረው ይታያሉ።

«ሌሊት ሽንት የሚያመላልሰኝ ስኳር ወይም ፕሮስቴት ቢሆን ነው።»

ሊሆን ይችላል፤ ተመርመሩ። ግን ደረት በተዘጋ ጉሮሮ አየር ለመሳብ ሲታገል ልብ ይለጠጣል። ልብም ደም የበዛበት ይመስለውና ኩላሊት ጨውና ውሃ እንዲያስወጣ የሚያዝ ሆርሞን ይለቃል። ፊኛ እንዲሁ በከንቱ ይታማል።

«ስኳርና አፕኒያን የሚያገናኛቸው ውፍረት ብቻ ነው።»

ውፍረት ለሁለቱም መንገድ ይጠርጋል፤ እውነት ነው። ነገር ግን የኦክስጅን መውረድና የእንቅልፍ መቆራረጥ በራሳቸው ኢንሱሊን በደንብ እንዳይሠራ ያደርጋሉ።

«ቀጭን ሰውና ሴት አይዛቸውም።»

ይይዛቸዋል። መንጋጋው ትንሽ ወይም ወደ ኋላ የገባ ቀጭን ሰው ላይ ይታያል። ሴቶች ላይ ደግሞ፣ በተለይ የወር አበባ ከቆመ በኋላ፣ ብዙ ጊዜ ድካምና እንቅልፍ ማጣት መስሎ ስለሚመጣ ጭንቀት ነው ተብሎ ይታለፋል።

«የአፕኒያ መሣሪያውን ካገኘሁ የግፊት ክኒኔን እጥላለሁ።»

ቀስ! በጭምብል አየር እየገፋ ጉሮሮን ክፍት የሚያደርገው መሣሪያ ሲፓፕ ይባላል፤ ስለ መጀመሪያ ውጤቱ የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1981 ሲሆን፣ ትንፋሽን በማስተካከል በኩል ጎበዝ ነው። ግፊትን የሚቀንሰው ግን በአብዛኛው በጥቂቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ትልቅ ጥናት ቀድሞ የልብ ወይም የአንጎል ደም ሥር ሕመም የነበረባቸውን ሰዎች ተከታትሎ፣ መሣሪያው የልብ ድካምንም ሆነ ስትሮክን ሲቀንስ አላየም። ተጠቃሚዎቹ ግን በአማካይ በሌሊት ከ3 ሰዓት ትንሽ በለጥ ላለ ጊዜ ብቻ ነበር ያደረጉት። ጭምብሉ ካልተመቻችሁ ሌላ ቅርጽና መጠን አለ፤ አስቀይሩ። ክኒኑን የሚቀንሰው ሐኪሙ ነው።