ማኒፌስቴሽን ምንድን ነው? ከወፍ በሽታ እስከ ኮንዶሚኒየም

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት የእናቱን የሕክምና ወረቀት ይዞ መጣ። እኔ ቱሉ ዲምቱ አደባባይ አጠገብ በአንዲት ጠባብ ክፍል ሰነድ እተረጉማለሁ። የልደት ሰርተፊኬት፣ ውክልና፣ የትምህርት ማስረጃ፣ አልፎ አልፎም የሐኪም ወረቀት። ልጁ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋና አንዲት መስመር በጣቱ አሳየኝ።

«ጋሼ፣ እናቴ በሽታውን ማኒፌስት አድርጋዋለች ነው የሚለው?»

ልስቅ ነበር። ፊቱን ሳይ ተውኩት። በስልኩ የሚያያቸው ሰዎች «የምታስበውን ትስባለህ» ብለውታል፤ ማኒፌስት ማድረግ የሚሉት ይህን ነው። እናቱ ደግሞ ጭንቀት ያበዛሉ። እና አስበው አስበው በሽታውን አመጡት ማለት ነው።

ወረቀቱ እንዲህ አይልም። የሐሞት ጠጠር መውረጃውን ዘግቶታል፣ በሽታውም በወፍ በሽታ ተገልጧል፤ ዓይናቸው ቢጫ ሆኗል። ይኸው ነው። ማኒፌስት ያደረገው በሽታው ነው፣ ያውም ራሱን። እናትየው ምንም አላደረጉም።

ቃሉ ሲንገላታ ስሰማ ዝም ማለት ልማዴ ነበር። ታክሲ ውስጥ «ቪትዝ ማኒፌስት እያደረግኩ ነው» ሲባል ምን አገባኝ ብዬ አልፋለሁ። የታመመ ሰው ጥፋተኛ ማድረጊያ ሲሆን ግን አያስችልም።

ቃሉ ከላቲን ነው የመጣው። መነሻው ላይ ያለችው «ማኑስ» እጅ ማለት ናት። በጥንቱ የሮም ሕግ ከነሰረቀው ዕቃ የተያዘ ሌባ የተለየ ስም ነበረው፣ የዚሁ ቃል አባት የሆነው «ማኒፌስቱስ»። እንዲህ የተያዘ አራት እጥፍ ይከፍላል፤ ቆይቶ የተደረሰበት ሁለት እጥፍ። እኛ እጅ ከፍንጅ የምንለው ነው። እኛም እነሱም እጅን መጥራታችን ደስ ይለኛል። ነጥቡ ግን ሌላ ነው። ሌባው ስለተያዘ ስርቆቱ አልተፈጠረም። የነበረው ታየ እንጂ።

አማርኛው ደግሞ ከዚህም ግልጽ ነው። ገለጠ። መጽሐፍ እንገልጣለን፣ ክዳን እንገልጣለን። መገለጥ፣ መገለጫ፣ ግልጽ፣ ሜዳው ገላጣ። በሁሉም ውስጥ ተሸፍኖ የነበረ አንድ ነገር አለ። ሽፋኑ ይነሳል እንጂ ነገሩ ከምንም አይመጣም።

እዚህ ሰፈር ለሚኖር ሰው በስንጥቅ ላስረዳው። ከአቃቂ እስከ ኮዬ ፈጬ ብዙው መሬት ዋልካ አፈር ነው። ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ላዩ ላይ ያለው ቤት አብሮት ይነሳል፣ አብሮት ይወርዳል። የእኔ መኝታ ቤት ግድግዳ ከመስኮቱ ጥግ እስከ ኮርኒሱ ስንጥቅ አለው። ያ ስንጥቅ የአፈሩ መገለጫ ነው። ማኒፌስቴሽን ማለት እሱ ነው። አፈሩ ከቤቱ በፊት ነበረ። ስንጥቁ አፈር አይመስልም፣ ግን ስለ አፈሩ ይናገራል። ያው አፈር ጎረቤቴ ቤት በሌላ መልክ ተገልጧል፤ የእሱ በር ክረምት ክረምት አይዘጋም። ግንበኛ ጠርቼ በስቱኮ አስደፈንኩት። መስከረም ላይ ተመልሶ መጣ። መገለጫውን ደፈንን እንጂ አፈሩን ማን ነካው?

ስንጥቅ ሁሉ ግን ከአፈር አይደለም። ኮንክሪቱ ሲሚንቶ ተሰርቆበት ሊሆን ይችላል። የወፍ በሽታም እንዲሁ፤ ከጉበትም ይመጣል፣ ከሐሞት ጠጠርም ይመጣል። መገለጫ ይጠቁማል እንጂ አይፈርድም። ለዚህ ነው የሐኪም ወረቀት ስተረጉም «መገለጫ» የምለው። «ምልክት» ብል ለአማርኛ አንባቢ ይበቃዋል፣ ግን እንግሊዝኛው ሐኪሙ የሚያየውንና ታማሚው የሚሰማውን በሁለት ስም ይጠራል። ማኒፌስቴሽን ሁለቱንም ያቅፋል። ማንም አልጠየቀኝም፣ አውቃለሁ።

ካነሳሁት ሁለት ነገር ልጨምር። ሰነዳችሁ ከጂቡቲ ወይም ከፈረንሳይ ከመጣ «ማኒፌስታሲዮን» ሰላማዊ ሰልፍ ሊሆን ይችላል። የስፖርት ውድድርም ሊሆን ይችላል። ዐረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱ የሚተረጉሙ ሰዎች ሰውን ያልወጣበት ሰልፍ ያስወጡታል። የትራንዚተሮቹ ማኒፌስት ደግሞ የጭነት ዝርዝር ነው፤ መርከቡ የያዘውን ለጉምሩክ የሚገልጥ ወረቀት። ያልተጫነ ዕቃ እዚያ ላይ ጽፋችሁ «ማኒፌስት እያደረግኩ ነው» በሉና ጉምሩክ የሚላችሁን ስሙ።

አንድ አሰልጣኝ ነኝ ባይ ደግሞ ነገሩ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አለ እያለ ያስተምራል። ቃሉ አለ፣ ልክ ነው። የ1611ዱ እንግሊዝኛ ትርጉም ሮሜ 8፥19 ላይ ይጠቀምበታል። የእኛው «የእግዚአብሔርን ልጆች መገለጥ» ይለዋል። ፍጥረት የሚጠባበቀው ቀድሞም የነበሩት ልጆች እስኪገለጡ ነው። ስለ ቪላ የተጻፈ የለም። ከጥምቀት ጀምሮ ያለው ወቅት ዘመነ አስተርእዮ የሚባለውም በዚሁ ስሜት ነው፤ የመገለጥ፣ የመታየት ዘመን። ወንድሜ፣ ቃሉ ስለተመሳሰለ ሐሳቡ አንድ አይሆንም።

«ኮንዶሚኒየሜን ማኒፌስት አድርጌ አገኘሁት» ያለችውም አለች። እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ። ግን ተመዝግበሻል፣ ወይ በ1997 ወይ በ2005 ዓ.ም.። ቆጥበሻል። ስምሽ ዕጣው ውስጥ ነበር፣ ወጣ። «ወጣ» የሚለውን ልብ በይልኝ፤ ውስጥ የሌለ አይወጣም። ካንቺ ጋር ተመዝግበው ካንቺ በላይ የተመኙ ሰዎች ዛሬም ኪራይ እየከፈሉ ነው። ምኞታቸው አንሶ ነው ልትያቸው ነው?

አዲሱ ትርጉም እንግሊዝኛ ውስጥ የለም አላልኩም። ሥሩ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ ከተነሳው «አዲስ አስተሳሰብ» ከተባለው እንቅስቃሴ ይመዘዛል። በኮሮና ጊዜ በቲክቶክ ተዛመተ። የካምብሪጅ መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ2024 «ማኒፌስት»ን የዓመቱ ቃል ብሎ መርጦታል። ቋንቋ ይለወጣል፣ በዚያ አልጣላም። የሚያናድደኝ ከአምስት ስድስት ትርጉም መጨረሻ የመጣውን ብቻ ይዘን፣ የቀሩትን ሁሉ በእሱ ማንበባችን ነው። «ማድረግ» የምትለው ግስም አላገዘችንም። ማድረግ አድራጊ ትፈልጋለች። በሽታው ራሱን ገለጠ የሚለውን ይዘን «ማኒፌስት አድርጋ» ስንል ሴትየዋ አድራጊ ሆና ቁጭ።

ለአዲሱ ትርጉም አማርኛ አጣሁለት የሚል ካለ፣ እኔ አላጣሁም። አፍ የተናገረው ይደርሳል ብለን ማመን ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ለክፉው ሟርት አለን፣ ለደጉ ምርቃት አለን። ልዩነቱ ምርቃት ከሌላ ሰው አፍ መምጣቱ ነው፤ ሽማግሌ ይመርቃል፣ አንተ አሜን ትላለህ። ቲክቶክ ላይ መራቂውም አሜን ባዩም አንድ ሰው ነው። ስለዚህ «ራስን መመረቅ» እለዋለሁ። ራሷን መርቃ ቪትዝ ትጠብቃለች። ይሄድ የለ?

ለልጁ ያቺን መስመር እንዲህ ጻፍኩለት፦ «በሽታው በዓይን ቢጫ መሆን ተገልጧል።» ሁለቴ አነበባት። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ እናቱ ጋ ደወለና «እማ፣ ጠጠር ነው። ጠጠር ብቻ ነው» አላቸው። ማኅተሙን መታሁና ሒሳቡን ነገርኩት።